ፑሽኪን በሁለት ቋንቋ ሲያፈቅር

ስመ ጥሩው የመስኮብ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1799 ዓ.ም. በሞስኮ ሲወለድ፥ የአገሩ መኳንንት በየቤታቸው የሚነጋገሩት በፈረንሳይኛ ነበር። እርሱም በልጅነቱ ግጥም የጀመረው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ፈረንሳዊው ይሉት ነበር። የእናቱ አያት አብርሃም ሃኒባል አፍሪካዊ መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቅጽል ስም ያስገርመናል።

ፍቅርም የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። «የቭጌኒ ኦኔጊን» በተባለው ድርሰቱ ታቲያና ለወደደችው ሰው የላከችውን ደብዳቤ በፈረንሳይኛ እንደ ጻፈችው፥ እርሱም እንደ ተረጐመው አድርጎ ይተርካል።

መስኮብኛ ግን እንደ አማርኛ አንተንና እርስዎን የሚለይ ቋንቋ ነው። በ1828 አና ኦሌኒና የተባለች ወይዘሪት በአፍ ወለምታ አንተ ብትለው፥ በዚያች በአንዲት ቃል የተነሣ ግጥም ጻፈላት። ጋብቻው ግን አልሆነለትም።

በ1830 በኮሌራ ምክንያት መንገድ ተዘግቶበት በቦልዲኖ ርስቱ ሦስት ወር ያህል ሲቈይ፥ ለእጮኛው ለናታልያ ጎንቻሮቫ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይኛ፥ በአንቱታና በትሕትና ነበር። በ1831 ከተጋቡ በኋላ ግን ወደ መስኮብኛ ተመለሰ። አንቺ እያለ ይቈጣታል፥ ይቀልድባታል፥ ስለ ልጆቹ ይጠይቃታል፥ የገንዘብ ችግሩን ያዋያታል። በእኛ አስተያየት ፍቅሩ ጐልቶ የሚታየው በነዚህ ጌጥ በሌላቸው ደብዳቤዎች ነው እንጂ በፊተኞቹ አይደለም።

ፈረንሳይኛውንም ጨርሶ አልተወው። በ1837 ሚስቱን ይከታተል ከነበረው ከዳንቴስ ጋር በተጣላ ጊዜ፥ ለሰውዬው አሳዳጊ አባት፥ ለሆላንድ መልእክተኛ፥ የላከው የስድብ ደብዳቤ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። ወዲያው በሽጉጥ ተታኰሱ፤ ፑሽኪንም ቈስሎ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ።