ዋልት ዲዝኒ በጓሮው የዘረጋው ሀዲድ

ዲዝኒ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሚኪ ማውስ ነው። ሰውየው ራሱ ግን ለይቶለት የባቡር ፍቅር የያዘው ሰው ነበር። ፍቅሩ ደግሞ ከሩቅ በማየት ብቻ አላበቃም። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ጓሮው 797 ሜትር ሀዲድ ዘርግቶ፣ በእውነተኛ ከሰል የሚሠራ የእንፋሎት ባቡር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንግዶቹን ከኋላ አሳፍሮ ይነዳ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህኛው ዋልት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1901 ቺካጎ ነው። በ1906 ቤተሰቡ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ማርሰሊን ሄዶ እርሻ ጀመረ። የሳንታፌ ባቡር በዚያች ትንሽ ከተማ ያልፋል፤ ከነጂዎቹ አንዱ ደግሞ አጎቱ ማይክ ማርቲን ነበሩ። ለገጠር ልጅ አጎቱ ባቡር ነጂ ሲሆኑ ምን እንደሚሰማው አስቡት! በጉርምስናው ራሱም ባቡር ላይ ሥራ ያዘ፤ በፉርጎዎቹ መሃል እየዞረ ጋዜጣ፣ ከረሜላና ለስላሳ ይሸጥ ነበር። ትርፍ? እንዲያውም ከሰረ። ፍቅሩ ግን አልቀነሰም።

ቀጥሎ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ካንሳስ ሲቲ ያቋቋመው ኩባንያ በ1923 ከሰረ፣ ሆሊውድ ገባ፣ በ1928 ሚኪ፣ በ1937 ስኖው ኋይት መጡ። እምብዛም የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1941 የስቱዲዮው ሠዓሊዎች አድማ መቱ። እንደኔ እንደኔ ሠራተኞቹ እውነት ነበራቸው፤ እሱ ግን እንደ ክህደት ቆጠረው። በዚያ ላይ ጦርነቱ የአውሮፓን ገበያ ዘጋበት። ጦርነቱ ሲያልቅ ስቱዲዮው ለባንክ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ነበረበት። ፊልም መሥራት የሚያስደስተው የነበረው ሰው አሁን ዕዳ አስታማሚ ሆነ።

ከሠዓሊዎቹ መካከል ሁለቱ፣ ዋርድ ኪምባልና ኦሊ ጆንስተን፣ በየጓሯቸው ባቡር ነበራቸው። የኪምባል እንዲያውም አሻንጉሊት ሳይሆን ሙሉ መጠን ያለው ባቡር ነው። በ1948 ዋልት ከኪምባል ጋር ቺካጎ ወደተዘጋጀው የባቡር ትርኢት ሄደ። ሲመለስ ሐሳቡን ቆርጦ ነበር።

በ1949 ካሮልዉድ በሚባል መንገድ ላይ ለአዲስ ቤት የሚሆን ቦታ ገዛ። ቦታው ሲመረጥ ሀዲዱ ታስቦበታል። ሚስቱ ሊሊያን ግን አበባዋ መሃል ባቡር እንዲያልፍ አልፈለገችም። መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ባቡሩ በግቢው የማለፍ መብት እንዳለው የሚገልጽ ውል ቤተሰቡ ተፈራረመ (ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር)። ሁለተኛ፣ ከአበባው ሥር 27 ሜትር ዋሻ ተቆፈረ። ዋሻው ሲገቡ መውጫው እንዳይታይ ሆን ተብሎ ተጠማዝዞ ነው የተሠራው። እንደሚነገረው፣ ቀጥ ቢል ይረክሳል ብለው ሲመክሩት፣ ርካሹማ ጨርሶ አለመቆፈር ነው ብሎ መለሰላቸው። ኢኮኖሚክስ ስማር እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ባቀርብ መምህሬ የሚሰጠኝን ውጤት ሳስበው ያስቀኛል።

ባቡሩ ከእውነተኛው አንድ ስምንተኛ ነው፤ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 18.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሞዴሉ ሴንትራል ፓሲፊክ የተባለው ድርጅት የድሮ ባቡር፣ ቁጥር 173፣ ነበር። ሥራውን የመራው የስቱዲዮው ወርክሾፕ ኃላፊ ሮጀር ብሮጊ ነው። ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፦ የድርጅቱ ባለቤት ማታ ማታ እዚያው ወርክሾፕ እየገባ፣ ከራሱ ሠራተኛ ሥር ሆኖ፣ ቶርኖና ብረት ሥራ ይማር ነበር። የመጨረሻውን ፉርጎ፣ የባቡር ሠራተኞች የሚያርፉበትን፣ በገዛ እጁ ከእንጨት ሠራው። ውስጡ አልጋ አለ፣ መታጠቢያ አለ፣ ጣት የምታህል የብረት ምድጃም አለች። ምድጃዋን በጣም ስለወደዳት ወደ 100 ያህል ሠርቶ ለወዳጆቹ አደላት፤ የተወሰኑትንም ሸጠ። ማን ያያታል ብሎ አላሰበም። በሩን ከፍቶ አጎንብሶ ያላየ ሰው መኖሯንም አያውቅም።

ለባቡሩ ሊሊ ቤል የሚል ስም በሚስቱ ስም አወጣለት። ሀዲዱ ሥራ የጀመረው ግንቦት 7 ቀን 1950 ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ቅዳሜና እሑድ ግቢው በእንግዳ ይሞላ ነበር።

በ1953 አንድ እንግዳ ሲነዳ ኩርባው ላይ ፈጠነ፤ ባቡሩ ከሀዲዱ ወጣ፤ ፊሽካው ተሰበረ። ምን እንደሆነ ለማየት የሮጠች የአምስት ዓመት ልጅ እግሯን እንፋሎቱ አቃጠላት። ዋልት በቃ አለ። ሊሊ ቤልን ወደ ስቱዲዮው መልሶ አስቀመጣት። ካሮልዉድ ላይ ዳግም አልነዳትም።

ባቡር ለመንዳት ግን ሌላ ቦታ እያዘጋጀ ነበር። አናሃይም ላይ ዲዝኒላንድን ለመሥራት የሕይወት መድኅኑን አስይዞ ተበደረ፣ የዕረፍት ቤቱን ሸጠ። መናፈሻውን ዙሪያውን የሚዞረው ባቡር ሲሠራ የሊሊ ቤል ንድፍ እንዲያድግ ተደረገ፤ የሠራውም ያው ብሮጊ ነው። የጓሮውን አትክልት የተከሉት የኢቫንስ ወንድማማቾችም ለዲዝኒላንድ ተጠሩ። ሐምሌ 17 ቀን 1955 ሲከፈት ዋልት ራሱ ባቡር እየነዳ ደረሰ። ያ ባቡር ደግሞ የአክሲዮን ኩባንያው ሳይሆን የቤተሰቡ የግል ንብረት ነበር፤ እስከ 1982 ድረስም እንደዚያው ቆየ። ለሒሳብ ሠራተኞች ራስ ምታት መሆኑ አይቀርም።

ዋልት በ65 ዓመቱ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1966፣ በሳንባ ካንሰር አረፈ። ሀዲዱን የሚቆጣጠርበትና ሥራውን የሚሠራበት ትንሽ የእንጨት ቤት፣ ማርሰሊን የነበረውን ጎተራ አስመስሎ ያሠራው፣ ዛሬ ሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ ቆሟል። እዚያው አጠገቡ እሑድ እሑድ ትንንሽ ባቡሮች ልጆችን አሳፍረው ይዞራሉ።