ባቡር ያስቆመው ገጣሚ

ራም ፕራሳድ ቢስሚል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1897 ሰሜን ሕንድ፣ ሻህጃሃንፑር ተወለደ። «ቢስሚል» የብዕር ስሙ ነው፤ ቁስለኛ እንደማለት። በኡርዱና በሂንዲ ይጽፋል፣ መጽሐፍ ይሸጣል፣ በገንዘቡ መሣሪያ ይገዛል።

ግን የመጽሐፍ ገንዘብ ለአብዮት መች ይበቃል! ኦገስት 9 ቀን 1925 ከጓደኞቹ ጋር ወደ ላክናው የሚሄድ ባቡር ካኮሪ አጠገብ አስቁመው የእንግሊዞቹን መንግሥት ገንዘብ ወሰዱ። በግርግሩ አንድ ተሳፋሪ በጥይት ተመቶ ሞተ።

አብሮት የነበረው አሽፋቁላ ካን ሙስሊም ነው፤ ቢስሚል ደግሞ አጥባቂ ሂንዱ። ሁለቱም ገጣሚ። ያኔ የሁለቱ እምነት ተከታዮች በየከተማው ይጋጩ ነበር፤ እነሱ ግን አይለያዩም። አሽፋቁላ እንዲያውም መንግሥት ሙሉ ኃይሉን ያዞርብናል ብሎ ዘረፋውን ተቃውሞ ነበር። ሲወሰን ግን ጓደኛውን ብቻውን አልተወውም፤ አብሮ ገባ።

ቢስሚል የሕይወት ታሪኩን እስር ቤት ሆኖ ጻፈ፤ የጨረሰው ሊሰቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዲሴምበር 19 ቀን 1927 እሱ ጎራክፑር፣ አሽፋቁላ ፋይዛባድ ውስጥ ተሰቀሉ። በአንድ ቀን። ቢስሚል ገና 30 ዓመቱ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በሱ ስም የሚታወቀውን «ሳርፋሮሺ ኪ ታማና» የጻፈው እሱ ሳይሆን የፓትናው ቢስሚል አዚማባዲ ነው። የብዕር ስማቸው አንድ ሆኖ ነው።