ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1887 – ጃንዩዌሪ 26 ቀን 1943) የሶቭየት ኅብረት የዕፅዋት ተመራማሪ፣ የጄኔቲክስ ሊቅና ተጓዥ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ሰብሎች መጀመሪያ የለሙበትን አገር ለማወቅ ባቀረበው ሐሳብና ከብዙ አገሮች በሰበሰበው የዘር ክምችት ነው። በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጎብኝቶ አገሪቱን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መነሻዎች አንዷ አድርጎ መድቧታል። የአገሩን ሕዝብ ከረኃብ ለማዳን ሲሠራ ኖሮ እሱ ራሱ እስር ቤት ውስጥ ተርቦ ሞተ።

ልጅነትና ትምህርት

ቫቪሎቭ የተወለደው በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ነው። አባቱ ከገጠር ድሃ ገበሬ ቤተሰብ መጥቶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን ኋላ የሶቭየት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ኒኮላይ በሞስኮ የግብርና ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1913 እና 1914 እንግሊዝ አገር በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ጄኔቲክስ አጠና። እ.ኤ.አ. በ1917 በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። ይህች ከተማ በታሪኩ መጨረሻ እንደገና ትመጣለች።

እ.ኤ.አ. በ1920 እዚያው ሳራቶቭ የተመሳሳይ ተከታታዮች ሕግ የተባለውን ሐሳቡን አቀረበ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ዘመዳሞች የሆኑ ዕፅዋት የሚለዋወጡት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ስለዚህ በአንዱ የታየ ጠባይ በዘመዱ ገና ካልታየ፣ አንድ ቦታ ተደብቆ ይገኛል ብሎ መፈለግ ይቻላል። በዚህም ከሜንዴሌዬቭ የኬሚካል ንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸር ነበር። በማግሥቱ ዓመት ወደ ፔትሮግራድ (ኋላ ሌኒንግራድ) ተዛውሮ የተግባራዊ ዕፅዋት ቢሮውን መምራት ጀመረ።

የሰብሎች የትውልድ አገር

ቫቪሎቭ የአንድን ሰብል መነሻ ለማወቅ ሁለት ነገር ይመለከት ነበር፤ አንደኛው ሰብሉ እጅግ ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበት ስፍራ፣ ሁለተኛው የዱር ዘመዶቹ የሚበቅሉበት ስፍራ ነው። የዱር ዘመድ ማለት ሰው ያላለማው፣ ግን ከለማው ሰብል ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ተክል ነው። ፍሬው ብዙ ጊዜ ትንሽ ወይም መራራ ይሆናል። ሆኖም ለበሽታ፣ ለብርድና ለድርቅ የሚሰጠው መቋቋሚያ ለማው ተክል የጠፋበት ሊሆን ይችላል።

የሎሚና የብርቱካን ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። የእነዚህ ዛፎች ጥንታዊ አገር ከሂማላያ ግርጌ እስከ ደቡብ ቻይና ያለው ምድር ነው። ሎሚ፣ ትርንጎ፣ ብርቱካንና መንደሪን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ዛሬ በወሎ ቆላ በመስኖ ዳር የሚታዩትም ቢሆኑ። በቻይና የሚበቅለው ባለ ሦስት ቅጠል መራራ ብርቱካን ፍሬው አይበላም፣ ብርድን ግን ይችላል። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ጆርጂያ ውስጥ መንደሪን የሚተከለው በዚሁ ዘመድ ሥር ላይ ተዳቅሎ ነው። የቫቪሎቭ ተቋምም በዚያው ዳርቻ በሱኹሚ የሞቃት አገር ተክሎች ጣቢያ ነበረው። የእነዚህን የዱር ዘመዶች ዝርዝር ጥናት በአሜሪካ ዋልተር ስዊንግል ጽፎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1943፣ ማለትም ቫቪሎቭ በሞተበት ዓመት ነው።

ኢትዮጵያም በዚህ ቤተሰብ ባዶ አይደለችም። ጤና አዳም የሎሚ ቤተሰብ ነው። ለጥርስ መፋቂያ የሚቆረጠው ልምጭ ደግሞ ከጤና አዳም ይልቅ ለሎሚ የቀረበ ዘመድ ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየ ሰው ልክ እንደ ሎሚ ቅጠል ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን የዘይት ነጥቦችን ያገኛል፤ ሽታው የሚመጣው ከእነሱ ነው።

የኢትዮጵያ ጉዞ

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ገብቶ እስከ 1927 የፀደይ ወራት ድረስ ቆየ። በአዲስ አበባ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በበቅሎ ጓዝ ወደ አንኮበር፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም በአክሱም በኩል እስከ አስመራ ተጓዘ። በየገበያውና በየማሳው እየቆመ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ኑግና ጥራጥሬ ሰበሰበ። በጉዞ ማስታወሻው ላይ ሽፍቶች ያሉበትን ስፍራ ኮኛክ ልኮላቸው ሲጠጡ እንዳለፈው ጽፏል።

ከሁሉ ያስደነቀው የስንዴው ብዛት ነበር። ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴ አገኘ። ሕጉ መኖር አለበት ያለውን፣ የሩስያ አዳቃዮች ለማውጣት ሲደክሙበት የቆዩትን ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴም በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ አየ። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ ለብዙ ሰብሎች መነሻ ናት አለ።

የኋላ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ በከፊል አርመውታል። የስንዴና የገብስ የዱር እናቶች በኢትዮጵያ ስለማይበቅሉ ሁለቱ ሰብሎች ከመካከለኛው ምሥራቅ መጥተው እዚህ በዙ ይባላል። ጤፍ፣ ኑግና ቡና ግን የአገሩ ልጆች መሆናቸው አላከራከረም። ስሕተቱ ሥራውን ከንቱ አላደረገውም፤ የእርማቱ መለኪያ ራሱ ቫቪሎቭ ካስቀመጣቸው ሁለት ነገሮች አንዱ ነው።

የጉዞው መንገድ ራያንና ቆቦን አልነካም። ይህ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የዚህ ቆላ ሀብት ማሽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለ ጠቃሚ የፕሮቲን ክፍል የበዛባቸው ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያለውን ማሽላ ከላቦራቶሪው በፊት ለይቶ «ወተት በጉንጬ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር።

እስራትና ሞት

በ1930ዎቹ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ በስታሊን ዘንድ ተሰሚነት አገኘ። ሊሴንኮ ጄኔቲክስን የማይቀበል፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ምርት እንደሚያስገኝ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ነበር። ቫቪሎቭ መጀመሪያ ረድቶት ነበር፤ ኋላ ግን በግልጽ ተቃወመው። እ.ኤ.አ. በ1939 በኤድንበርግ የዓለም የጄኔቲክስ ጉባኤ ሊቀመንበር ሆኖ ቢመረጥም እንዳይሄድ ተከለከለ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲሰበስብ ተያዘ። ከብዙ ወራት ምርመራ በኋላ በጁላይ 1941 ሞት ተፈረደበት፤ በማግሥቱ ዓመት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተቀነሰ። ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲቀርቡ እስረኞቹ ወደ ሳራቶቭ ተወስደው ስለነበር፣ በወጣትነቱ ባስተማረባት ከተማ እስር ቤት በረኃብ ደክሞ ሞተ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር።

ክምችቱ

በዚሁ ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ጃንዩዌሪ 1944 ቆየ። በተቋሙ ሕንፃ ውስጥ ወደ 250,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና ነበር፤ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ድንች። ሠራተኞቹ ድንቹ እንዳይቀዘቅዝ ያገኙትን እንጨት ሁሉ እየማገዱ፣ ዘሩን ከአይጥና ከተራበ ሰው እየጠበቁ ከረሙ። ብዙዎቹ እዚያው በረኃብ ሞቱ፤ ከእነሱም አንዱ የሩዝ ክምችት ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ነበር። የሚጠብቁት ነገር የሚበላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አለቃቸው ደግሞ የት እንዳለ አያውቁም ነበር።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1955 ከክሱ ነጻ ተባለ፤ ተቋሙም በስሙ ይጠራል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን እርዳታ የዕፅዋት ዘር ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ ይህ ማዕከል ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ቫቪሎቭ ከኢትዮጵያ ከወሰዳቸው ናሙናዎች ውስጥ በሴንት ፒተርስበርግ እስካሁን የሚጠበቁ አሉ። ዘር በመደርደሪያ ላይ ለዘላለም ስለማይቆይ፣ በየተወሰነ ዓመቱ እንደገና ተዘርቶና ታጭዶ ይታደሳል።