ከሪማ አቡድ፦ ካሜራዋን ይዛ ሰው ቤት የምትገባው ፎቶ አንሺ

ለዛሬ ደግሞ የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ይህች ሴት ከዘጠና ዓመት በፊት ዛሬ በምንኖርባት ሐይፋ፣ እንዲሁም በናዝሬት፣ በጥብርያዶስና በቤተልሔም እየተዘዋወረች ፎቶ ታነሳ ነበር። ስሟ ከሪማ አቡድ ይባላል። በአካባቢው ፎቶ ማንሳትን ሙያቸው ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። በኖቬምበር 2016 ጉግል 123ኛ ዓመት ልደቷን በገጹ ላይ አስቦላታል። ከእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ስሟን የሰማ ሰው ብዙም አላጋጠመንም። እኛም ብንሆን የሰማነው እዚሁ ሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን፣ ሥራ ከያዝንም ብዙ ቆይተን ነው።

ከሪማ በ1893 ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የቤተሰቧ መሠረት በደቡብ ሊባኖስ የምትገኘው ኪያም ናት። ከዚያ ተነስተው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ናዝሬት መጥተው ሰፈሩ። እናቷ ባርባራ መምህርት ነበሩ። አባቷ ሰዒድ ደግሞ መጀመሪያ መምህር፣ ኋላም የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆኑ፤ ከ1899 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በቤተልሔም አገልግለዋል። ልጅቷ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሽሚት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ቤይሩት በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተማረች። ያጠናችው የዓረብኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ቤይሩት ሳለች ወደ በዓልቤክ ሄዳ ጥንታዊውን ፍርስራሽ ፎቶ አንስታለች።

ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ የገባው በ1913 ሲሆን፣ የሰጧትም አባቷ ናቸው። በመጀመሪያ ቤተሰቧን፣ ጓደኞቿንና የቤተልሔምን አካባቢ ታነሳ ነበር። ፊርማዋ ካለባቸው ፎቶዎች የመጀመሪያው ኦክቶበር 1919 የሚል ቀን አለው።

እዚህ ላይ ስለ ካሜራው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ልጆቻችን በስልክ ስለሚያነሱ ነገሩ ላይገባቸው ይችላል። በዚያን ዘመን ሙያተኛ ፎቶ አንሺዎች የሚሠሩበት ካሜራ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ሆድ ያለው፣ በሦስት እግር ላይ የሚቆም ትልቅ ሣጥን ነው። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከኋላ ባለው መስታወት ሲያይ፣ ሰውየው ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ይታየዋል። ምስሉ የሚቀረጸው በመስታወት ሰሌዳ ወይም በትልቅ ፊልም ላይ ስለሆነ የፊት መስመር፣ የጥልፍ ክር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል። ጣጣው ግን ብዙ ነው። ተነሺው ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። የድሮ ሰዎች በፎቶ ላይ ሁሉም የተቆጡ የሚመስሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአገራችንም የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያነሳቸውን መኳንንት ብታዩ፣ ቀጥ ብለው፣ ተኮሳትረው ነው የምታገኟቸው።

ከሪማ ከዚህ ወጣ አለች። በጊዜው ሰው ወደ ፎቶ ቤት ሄዶ፣ በሥዕል መጋረጃ ፊት ተገትሮ ነበር የሚነሳው። ባል ወይም አባት ደግሞ ሚስቱን ወይም ልጁን ባዕድ ወንድ ፊት ማስቀመጡን አይወድም። ከሪማ ሐይፋ ይታተም በነበረው አል-ካርሜል ጋዜጣ ባወጣችው ማስታወቂያ፣ በአገሩ ያለች ብቸኛዋ የአገር ተወላጅ ሴት ፎቶ አንሺ እሷ መሆኗን፣ ዋጋዋም እንደማይከብድ፣ ቤታቸው መነሳት የሚፈልጉ ወይዛዝርት ካሉ ከእሑድ በስተቀር በማናቸውም ቀን እንደምትመጣ አስታወቀች። ቤቷም ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍታ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሙሽሮችን ታነሳ ነበር። በፎቶዎቿ ላይ ያሉት ሴቶች ፊታቸው ፈታ ያለ ነው። በቤታቸው የተነሱት በገዛ ወንበራቸው፣ በራሳቸው ምንጣፍ ላይ ናቸው።

ይህን ስናይ የራሳችን ሥራ ትዝ ይለናል። እኛ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኞችም ሰው ቤት እንገባለን፤ የምንይዘው ግን ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ የሚሰፍረው ዕዳው፣ በሽታው፣ ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ጋ ሄደን ፎቶ እናንሳዎት ብንል፣ ለመታወቂያ መስሏቸው ግድግዳ ተደግፈው ደረቅ አሉ። በኋላ ረከቦታቸው ጋ ተቀምጠው ቡና ሲቀዱ ያነሳናቸውን ግን እስካሁን ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። በፋይላችን ውስጥ ያቺን ሴት ፈልጎ የሚያገኛት የለም። እርግጥ ነው፣ የከሪማ ደንበኞችም ባብዛኛው መክፈል የሚችሉ የከተማ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ድሃው እሷም ጋ ብዙ አይታይም።

በ1930ዎቹ ስሟ እየገነነ ሄደ። የናዝሬቱ ፎቶ አንሺ ፋድል ሳባ ወደ ሐይፋ ሲዛወር በናዝሬት የሠርግና የቤተሰብ ፎቶ ፈላጊ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቆየት ብላም ፎቶዎቹን በእጇ ቀለም እየቀባች ትሸጥ ጀመር። የከተሞቹንም መልክ እያነሳች አስቀርታለች። በሥራዎቿ ላይ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ስሟንና ሴት ፎቶ አንሺ መሆኗን የሚገልጽ ማኅተም ታደርግ ነበር። ይህን ማኅተም ልብ በሉልን፤ ኋላ ያተረፋት እሱ ነው።

ከሪማ በ1940 አረፈች፤ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1948ቱ ጦርነት ፎቶዎቿን በየግድግዳቸው የሰቀሉት ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከሐይፋም ከኢየሩሳሌምም ተሰደዱ። ሰው ሲሰደድ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ምን ትቶ እንደሚወጣ ለእኛ ማንም አይነግረንም። በሱዳን በኩል ከመጡት አዛውንቶቻችን መካከል የእናታቸው ፎቶ በእጃቸው የሌለ ስንቱን እናውቃለን።

ስሟም ለብዙ ዓመት ተረሳ። በ2006 ግን አንድ እስራኤላዊ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ፣ ነዋሪዎቹ በ1948 ጥለውት በወጡት በኢየሩሳሌሙ የቀጠሞን ሰፈር በአንድ ቤት ውስጥ ከ400 በላይ ፎቶዎቿን አገኘ። ብዙዎቹ ላይ ስሟ ስላለ የማን እንደሆኑ ለማወቅ አላስቸገረም። የናዝሬት ታሪክ መዛግብትን የሚሰበስበው አሕመድ ምሩዋትም ከሰውየው ገዝቶ፣ እሱ ቀድሞ ካጠራቀማቸው ጋር አንድ ላይ አደረጋቸው። በ2011 ስለ እሷ አንድ መጽሐፍ ታተመ። ከመጽሐፉ አዘጋጆች አንዱ ቄስ ሚትሪ ራሄብ ናቸው፤ አባቷ በኖሩበት በዚያው የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ ቄስ።