ንግሥት ዘውዲቱን የገደላቸው ድንጋጤ ነው ወይስ ስኳር?

ሁለት ሞት፣ በሁለት ቀን ልዩነት።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ በጦር ሜዳ ተገደሉ። መጋቢት 24 ደግሞ የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሬው አላባራም። አንዱ የባላቸውን ሞት ሰምተው በድንጋጤ ሞቱ ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ መርዶው ሳይነገራቸው ነው ያለፉት ይላል። በጊዜው ከተማ ውስጥ የነበሩ የውጭ ዲፕሎማቶች ሌላ ነገር ጽፈዋል፤ ትኩሳት ላይ እያሉ በጣም ቀዝቃዛ ጸበል ውስጥ ገብተው ሰውነታቸው አልቻለውም ብለዋል።

በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል አንድ ነገር ይረሳል። ንግሥቲቱ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ።

ዛሬ ሕይወታቸውን ከልጅነታቸው ጀምረን እንነግራችኋለን። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን የቤተ መንግሥት ታሪክ ብቻ አይበቃንም፤ ደም ውስጥ ምን እንደሚካሄድም ማየት አለብን።

ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። አባታቸው ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ናቸው። ገና ስድስት ዓመት ግድም ሆኗቸው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ትዳሩ የልጆቹ ሳይሆን የአባቶቹ ጉዳይ ነበር፤ ሸዋና ትግራይን ለማስታረቅ የታሰበ ነው። አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞቱና ዘውዲቱ በልጅነታቸው ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት እኛ ከአዲሱ ገበያ ቀና ብለን የምናየው እንጦጦ ላይ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘውዲቱ በኋላ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ፣ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ይሄም ትዳር ቢሆን በቤተ መንግሥት ስሌት የተጀመረ ነው፤ ሁለቱ ግን ተዋደው ኖረዋል ይባላል።

ከዚያ አባትየው ታመሙ። ምኒልክን የመታቸው ስትሮክ ነው፤ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተቋርጦ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ለዓመታት አልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ እንኳ ነገሩ ለሕዝብ ወዲያው አልተነገረም። በዚያ ዘመን የንጉሥ ሕመም የመንግሥት ምስጢር ነው። ልብ በሉ፣ የልጅየውም ሕመም ዕጣው ይኸው ሆኗል።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። መኳንንቱ ዘውዱን ለዘውዲቱ ሰጡ፤ ራስ ተፈሪን ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ አደረጉ። ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን ዘውድ ጫኑ። ዘውዱ ግን ዋጋ ነበረው። ባላቸው ጉግሣ አጠገባቸው ሆነው ሥልጣን እንዳይጋሩ ተብሎ ሁለቱ ተለያዩ፤ ጉግሣ የበጌምድር ገዢ ሆነው ሄዱ። ስለዚህ ንግሥቲቱ ዙፋን ላይ የወጡት ብቻቸውን ነው። ጾምና ጸሎት የሚያዘወትሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩ ሴት ነበሩ። የዕለት ተዕለቱ አስተዳደር እየዋለ እያደር ወደ ተፈሪ እጅ ገባ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችውም በእሳቸው ዘመን ነው። ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሥ ተባሉ።

ጉግሣ ይህን አልወደዱትም። ጦር አስከትተው ሸፈቱ። ዘውዲቱ ነገሩን እንዲተዉት ደጋግመው ለምነዋቸው ነበር ይባላል። አልሆነም። ራስ ሙሉጌታ የመሩት የመንግሥት ጦር ዘመተባቸው፤ አውሮፕላንም ጭምር ተሰለፈ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ ጉግሣን የወጋው ጦር በዘውዲቱ ስም የሚተዳደር መንግሥት ጦር ነው። ያ ጦርነት በሚካሄድበት ሰሞን ንግሥቲቱ በትኩሳት በሽታ ተኝተዋል፣ ስኳርም አለባቸው፣ ወቅቱም ዓቢይ ጾም ነው።

አሁን ወደ ደሙ እንግባ።

አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። በዚህ ሁሉ ደም ውስጥ ጤናማ ሰው ላይ የሚገኘው ስኳር 5 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። ይህቺን አንድ ማንኪያ ጠብቆ የሚያቆየው ሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት በቀላሉ መልእክተኛ ነው፤ አንድ እጢ ያመነጨዋል፣ ደም ይሸከመዋል፣ ሩቅ ያለ አካል ትእዛዙን ይቀበላል። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ይልካል። ኢንሱሊን ሲደርስ ጡንቻው ስኳሩን ከደም ይወስዳል፣ ጉበትም ያከማቻል።

ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሰውነት አልሰማም ሲለው ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። በልቶ ያላደረ ሰው ጠዋት ሲለካ ከ100 በታች መሆን የነበረበት ቁጥር 126ና ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራም ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ይባላል። ቁጥሩ 180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተውና ስኳሩን ከሽንት ጋር ያፈሰዋል፤ ውሃም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ስኳር ያለበት ሰው ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚለው፣ ውሃ ጠጥቶ የማይረካው፣ እየበላ የሚከሳው። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሴሉ ግን ይራባል።

አሁን ትኩሳት ጨምሩበት። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲገጥመው ጦር ያውጃል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ እጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይረጫሉ። እነዚህ ሆርሞኖች ጉበትን ያከማቸኸውን ስኳር አውጣ ይሉታል፤ ኢንሱሊንንም ሥራውን ያከብዱበታል። ጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን ልኮ ያስተካክለዋል። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ግን የሚያስተካክል የለም። ስለዚህ ታማሚው ምንም ሳይበላ እንኳ ስኳሩ ሊወጣ ይችላል! አልበላሁም፣ ስለዚህ ስኳሬ አይጨምርም የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ከባድ መርዶና ጭንቀትስ? የሚያዝዙት እነዚያኑ አድሬናሊንና ኮርቲሶልን ነው። የእኛ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ድንጋጤ ነው ወይስ ስኳር ብሎ መከራከር ሁለቱን ባላንጣ ያደርጋቸዋል፤ ሰውነት ውስጥ ግን በአንድ መንገድ ነው የሚመጡት። ዘውዲቱ መርዶውን ሰሙም አልሰሙ፣ ትኩሳቱ ብቻውን ስኳራቸውን ለማናጋት በቂ ነበር። ሰምተው ከሆነ ደግሞ ሐዘኑ የወደቀው አስቀድሞ በተዳከመ ሰውነት ላይ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን የሚጽፉ ብዙዎች ለሞታቸው ምክንያት አድርገው የሚያነሱት ስኳሩንና የትኩሳት በሽታውን በአንድ ላይ ነው።

የሚያሳዝነው ነገር ዘመኑ ነው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተሞከረው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ጥር 1914 ዓ.ም. ነው። የተሰጠውም በስኳር ሊሞት ለደረሰ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ዳነ። ከዚያ በፊት ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ሐኪሞች የነበራቸው ነገር ምግብ መከልከል ብቻ ነበር። ግኝቱ ላይ የሠሩት ባንቲንግና ማክላውድ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ዘውዲቱ ያረፉት ከዚያ ሙከራ 8 ዓመት በኋላ ነው። በዓለም ላይ መድኃኒቱ አለ። ትኩሳቱን የሚያጠፋው አንቲባዮቲክ ግን ለሕክምና ገና አልደረሰም።

ንግሥቲቱ በ53 ዓመታቸው አርፈው አባታቸው ባረፉበት በበአታ ለማርያም ተቀበሩ። ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የዘውዲቱ ስም ደግሞ ሆስፒታል ላይ ቀረ፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ስትሉ የምትጠሩት እሳቸውን ነው።

ይህን ታሪክ ለምን ዛሬ አመጣነው? አዲሱ ገበያ ውስጥ ፍሪጅ በር ላይ፣ ከቲማቲሙ አጠገብ ኢንሱሊን የሚያስቀምጡ ቤቶች ስላሉ ነው። እናት ወይም አባት ጉንፋን ሲይዛቸው፣ ታይፎይድ ሲባሉ፣ ምግብ አልገባ ሲላቸው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆመው መርፌው ነው። ሳልበላ ምን እወጋለሁ ይላሉ። ጸበል ልግባ ብለው መድኃኒቱን የሚተዉም አሉ።

እናንተ ስልክ የያዛችሁ ልጆች ይቺን ብቻ ያዙ። የስኳር ሕመምተኛ ትኩሳት ሲይዘው ስኳሩ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይለካ። ውሃ በደንብ ይጠጣ። ኢንሱሊን በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ጾምም ሆነ ጸበል ካለ አስቀድሞ ሐኪሙ ይወቅ፤ እምነቱን መተው አይጠበቅበትም፣ መድኃኒቱንም እንዲሁ። ካስመለሰው፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ፍራፍሬ ፍራፍሬ ከሸተተ፣ ንግግሩ ከተምታታ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ጉለሌ ነው።

ለዘውዲቱ ያልተገኘው ነገር ዛሬ ፍሪጃችሁ ውስጥ አለ። እማማን ዛሬ ማታ ስኳርሽን ለክተሻል ወይ ብላችሁ ጠይቋት።