ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ)፦ የተሳሳቱትን በዕውቀት የመለሱ ሶሓባ

አብደላህ ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ) የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ ናቸው። ከሂጅራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መካ ውስጥ ተወለዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ የዲን ግንዛቤ እንዲሰጣቸው ዱዓ አድርገውላቸዋል። ነቢዩ ወደ አኺራ ሲሄዱ ገና የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዕውቀት ፍለጋ የሶሓቦችን ደጅ ጠኑ። የሚጠይቁት ሰው ቀትር ላይ ተኝቶ ከሆነ ኩታቸውን ተንተርሰው፣ ነፋሱ አቧራ እያለበሳቸው፣ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር።

በ37 ዓመተ ሂጅራ ከሲፊን ጦርነት በኋላ ኸዋሪጆች ከዓሊይ (ረ.ዐ) ተለይተው ሐሩራእ ሰፈሩ። ቁርኣን አብዝተው የሚቀሩ፣ ከሱጁድ ብዛት ግንባራቸው የቆሰለ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን አንድም ሶሓባ አብሯቸው አልነበረም። ኢብኑ ዓባስ ዓሊይን አስፈቅደው ብቻቸውን ሄዱ። አልተሳደቡም፤ በቅድሚያ ቅሬታቸውን ጠየቁ። እነርሱም ሦስት ነገር ቆጠሩ፦ ዓሊይ በአላህ ጉዳይ ሰዎችን ዳኛ ማድረጋቸውን፣ ተዋግተው ምርኮ አለመውሰዳቸውን፣ የአማኞች መሪ የሚለውን ማዕረግ ከውሉ ላይ ማስፋቃቸውን።

ኢብኑ ዓባስ ሁሉንም ሰምተው ከጨረሱ በኋላ መለሱ። አላህ በባልና ሚስት ጠብ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ እንዲላክ ማዘዙን፣ የአማኞች እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደ ምርኮ ልትያዝ እንደማትችል፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በሑደይቢያ ውል ላይ የአላህ መልእክተኛ የሚለውን ማስፋቃቸውን አስረዱ። ከየመልሱ በኋላም ጉዳዩ መቋጨቱን ያረጋግጡ ነበር። በዘገባው መሠረት ከ6,000ዎቹ 2,000ው ተመለሱ።

ካልተመለሱት መካከል የነበሩት አብደላህ ኢብኑ ኸባብን (ረ.ዐ) ከነፍሰ ጡር ባለቤታቸው ጋር ገደሉ። በ40 ዓመተ ሂጅራ ደግሞ ከእነርሱ አንዱ ኩፋ ላይ ዓሊይን በሰይፍ መትቶ ገደላቸው። ኢብኑ ዓባስ በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በ68 ዓመተ ሂጅራ ጣኢፍ ላይ ወደ አኺራ ሄዱ።

የዛሬው ሐሩራእ ስልክ ውስጥ ነው። በሚያዝያ 2007 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ገድሎ በቪዲዮ ሲያሰራጭ አይተናል። ያ ቪዲዮ የተሠራው ለማስፈራራት ብቻ ሳይሆን ወጣት ለመመልመልም ነው። ወረታ ከተማ ሱቅ የሚውለው ልጃችንም ሆነ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲያርም የሚውለው፣ ማታ ስልኩ ላይ ማን ዲን እንደሚያስተምረው እንወቅ። ከወላጅና ከመስጂድ ተደብቆ የሚሰጥ ትምህርት ሊያጠራጥረን ይገባል። ልጁ ከባድ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ አንቆጣው፤ እንደ ኢብኑ ዓባስ ጨርሰን እንስማው። መልሱ ከአቅማችን በላይ ከሆነ እጁን ይዘን ወደ ዓሊም አብረን እንሂድ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።