የሕሙማን አጽናኝ የወይዘሪት ፍሎሬንስ ናይቲንጌል ታሪክ

ወይዘሪት ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በ1820 ዓ. ም. (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኢጣልያ አገር ከእንግሊዛውያን ባለጸጎች ተወለዱ። በዚያ ዘመን ሕሙማንን ማስታመም ለጨዋ ልጅ እንደ ውርደት ይቈጠር ነበርና፥ ቤተ ዘመዶቻቸው አጥብቀው ቢከለክሉአቸውም ከአሳባቸው አልተመለሱም። በ1854 ዓ. ም. በክሪምያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶች አስከትለው ወደ ቱርክ አገር ሄዱ፤ በስኩታሪ ሐኪም ቤትም ቁስለኞችን አገለገሉ።

በ1859 ዓ. ም. ስለ ማስታመም መጽሐፍ አሳተሙ። በእርሱም ንጹሕ አየርንና ንጽሕናን ካስቀደሙ በኋላ፥ ውበትም በሽተኛን እንደሚረዳ ገለጹ። ሕሙም ሌትና ቀን ያንኑ ግድግዳ፥ ያንኑ ጣራ እያየ ሲተኛ አሳቡ በሕመሙ ላይ ይታሰራል፤ የቀለምና የቅርጽ ውበት ግን ከዚህ እስራት ይፈታዋል፥ ለሥጋውም ይበጀዋል። ይህንም በራሳቸው አይተውታል፤ ታመው ሳሉ የዱር አበባ ቢላክላቸው፥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጤናቸው ፈጥኖ ተመለሰ። ስለ ዜማም ሲያስረዱ፥ የሰው ድምፅ፥ የሚነፋና ባለ አውታር መሣሪያም ድምፃቸው ሳይቋረጥ ስለሚፈስ በሽተኛን እንደሚያሳርፉት፥ ፒያኖ ግን ድምፁ ስለሚቈራረጥ እንደሚያውከው ለይተው ጻፉ።

ከጦርነቱ ከተመለሱ በኋላ ራሳቸው ብዙ ዓመት የአልጋ ቍራኛ ሆኑ፤ ሆኖም ሥራቸውን አልተዉም። በ1860 ዓ. ም. በስማቸው የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት በሎንዶን ተከፈተ። በ1910 ዓ. ም. በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

በዘመናቸው ሙዚቃ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ነበረ ለሕሙማን ሁሉ ሊዳረስ አልቻለም። የሰው ድምፅና የዱር አበባ ግን ገንዘብ አይጠይቁም፤ ስለዚህ ሕሙም ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው፥ ድኻም ቢሆን፥ ባዶ እጁን አይደለም።